ሊንክ ወይስ ቅጂ፦ ያልተለቀቀ ፓኬጅን ከፕሮጀክት ጋር የማገናኘት ጥያቄ

አንድ ቡድን አፕሊኬሽን ይሠራል፤ አፕሊኬሽኑ የሚጠቀምበትን ላይብረሪ የሚያዘጋጀውም ያው ቡድን ነው። በደንቡ መሠረት አፕሊኬሽኑ ላይብረሪውን እንደማንኛውም የሌላ ሰው ፓኬጅ ከሪጅስትሪ አውርዶ ነው የሚያገኘው። ላይብረሪው ውስጥ አንዲት መስመር ተቀይራ ውጤቷን አፕሊኬሽኑ ላይ ለማየት፣ አዲስ የቨርሽን ቁጥር ሰጥቶ መልቀቅና እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ነው። መስመሯ ስህተት ሆና ከተገኘች ያው ዙር ይደገማል፤ የተበላሸው ቨርሽንም ማንም ሊያወርደው በሚችልበት ቦታ ተቀምጧል። በዚህ መንገድ መሥራት ስለማይቻል ብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች አቋራጭ አበጅተዋል፤ ገና በመሠራት ላይ ያለው ፎልደር እንደ ተጫነ ፓኬጅ እንዲቆጠር የሚያደርግ።

አቋራጮቹ ብዙ ናቸው። ኤንፒኤም ሊንክ፣ ያልክ፣ ወርክስፔስ እየተባለ የሚደረገው ክርክር የመሣሪያ ምርጫ ይመስላል። ከሥሩ ያሉት ግን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። በሥራ ወቅት የምንጠቀምበት ፓኬጅ ሕያው ፎልደሩ ራሱ ይሁን ወይስ ተጠቃሚው እጅ የሚገባው ዓይነት ቅጂ? ግንኙነቱስ የት ይመዝገብ፤ ከአንድ ሰው በቀር ማንም በማያየው የኮምፕዩተር ጓዳ ወይስ ቡድኑ ሁሉ በሚያነበው የፕሮጀክት ፋይል? ጭቅጭቁ የሚበዛው በመጀመሪያው ላይ ነው። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም ወደዚያ ያደላል። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓኬጅ በስም መጠራት ሲጀምር

ኮድ ሁሉ በአንድ የፎልደር ዛፍ ሥር በሚኖርበት አሠራር ጥያቄው ራሱ አይነሣም። የሲ ፕሮግራም የሚፈልገውን ፋይል በዱካው ይጠራል፤ ፋይሉ ከተቀየረ ቀጣዩ ቢልድ ለውጡን ያያል። ችግሩ የመጣው ፓኬጅ በተቀመጠበት ቦታ መጠራቱ ቀርቶ በስሙና በቨርሽን ቁጥሩ መጠራት ሲጀምር ነው። የፐርሉ ሲፓን በ1995፣ የጃቫው ማቨን በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው የኖድ ኤንፒኤም በ2010 ይህን ልማድ አስፋፉት።

የጎ ቋንቋ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጎ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ኮድን በሙሉ ጎፓዝ በሚባል አንድ ዛፍ ሥር ያስቀምጥ ስለነበር፣ የምትጠቀምበትን ላይብረሪ ለመቀየር ፋይሉን ከፍቶ ማረም ብቻ ይበቃ ነበር። ቨርሽን የሚያውቁት ሞዱሎች በ2018 በጎ 1.11 ሲገቡ ይህ ምቾት ጠፋ፤ በምትኩ «ይህን ስም ስታይ ወደዚያ ፎልደር ሂድ» የሚል የሪፕሌስ መመሪያ አስፈለገ። ጎ ችግሩን ያገኘው ወደ ስምና ቨርሽን በተሻገረበት ወቅት ነው።

መልሶቹ ከጅምሩ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ማቨን ቅጂን መረጠ፤ የላይብረሪው ሠራተኛ ኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ የተገነባው ፋይል ቤቱ ውስጥ ወዳለው የማቨን ማከማቻ ይገለበጣል፣ አፕሊኬሽኑም ከዚያ ያነሣዋል። ስናፕሾት የሚል ቅጥያ ያለው ቨርሽን ደግሞ «ይህ ገና አላለቀም፣ ሊቀየር ይችላል» የሚል ምልክት ነው። ፓይተንና ኖድ ወደ ሊንክ አዘነበሉ። የፓይተኑ ሴትአፕቱልስ የፎልደሩን ዱካ በአንዲት ትንሽ ፋይል ይጽፍ ነበር። ኤንፒኤም ደግሞ በ1983 በ4.2ቢኤስዲ አማካይነት ወደ ዩኒክስ ዓለም በገባው ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዱካ በሚያመለክት ፋይል፣ ላይ ተደገፈ።

ጥያቄው በጃቫስክሪፕት ዓለም ከሌላው ይልቅ የሚያነድደው ፓኬጆቹ እጅግ የደቀቁ በመሆናቸው ነው። መጋቢት 2016 ሌፍትፓድ የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ፓኬጅ ከሪጅስትሪው ሲነሣ በዓለም ዙሪያ የብዙ ፕሮጀክቶች ቢልድ መሰበሩ ይታወሳል። ሥራ በዚህ መጠን በተከፋፈለበት ቦታ፣ አንድን ስህተት ለማረም ሁለትና ሦስት ፓኬጅ በአንድ ጊዜ ከፍቶ መያዝ የዘወትር ነገር ነው።

ሲምሊንክ የሚያሳስትበት ቦታ

«ሥራ» በሚባል ፎልደር ሥር ሁለት ፕሮጀክቶች አሉ እንበል፤ «ሱቅ» የተባለ አፕሊኬሽንና «አዝራር» የተባለ በሪአክት የተሠራ ላይብረሪ። አዝራር ውስጥ ገብተን ኤንፒኤም ሊንክ ብለን እንጽፋለን፤ ኤንፒኤም ለመላው ኮምፕዩተር በሚያገለግለው የፓኬጅ ፎልደሩ ውስጥ ወደ አዝራር የሚያመለክት ሲምሊንክ ይፈጥራል። ከዚያ ወደ ሱቅ ገብተን ኤንፒኤም ሊንክ አዝራር እንላለን፤ የተጫኑ ፓኬጆች በሚቀመጡበት በሱቅ ኖድ ሞዱልስ ፎልደር ውስጥ ሌላ ሲምሊንክ ይፈጠራል። አሁን አዝራር ውስጥ የተቀየረ ሁሉ ሱቅ ላይ ወዲያው ይታያል።

አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ግን «የተሳሳተ የሁክ ጥሪ» የሚል መልእክት ይመጣል። ኮዱ ውስጥ ስህተት የለም። የሆነው እንዲህ ነው። ኖድ አንድ ፋይል በሲምሊንክ በኩል ሲደርሰው ሲምሊንኩን ተከትሎ የፋይሉን እውነተኛ ዱካ ይይዛል። ስለዚህ የአዝራር ኮድ በሱቅ ውስጥ እንዳለ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው «ሥራ» ሥር በራሱ ፎልደር እንዳለ ነው። ያ ኮድ ሪአክትን ሲጠራ ፍለጋው የሚጀምረው ከአዝራር የራሱ ኖድ ሞዱልስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለቴስት ተብሎ የተጫነ ሪአክት አለ። ሱቅ የራሱ ሪአክት አለው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሪአክት ተጫነ ማለት ነው፤ ሁኮች የሚባሉት የሪአክት ልዩ ፈንክሽኖች የሚሠሩት ደግሞ ሁሉም ክፍሎች አንዱን ቅጂ ሲጋሩ ብቻ ነው። የሪአክት መመሪያ ራሱ ይህን ከስህተቱ ዋና መንስኤዎች አንዱ አድርጎ ያነሣዋል፤ የላይብረሪው ሪአክት በተራው ወደ አፕሊኬሽኑ ሪአክት ሊንክ እንዲደረግም ይመክራል። ሊንክ ያመጣውን ችግር በሌላ ሊንክ መፍታት ነው። ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ግን ለምን እንደተደረገ የሚያውቅበት ጽሑፍ የትም የለም።

እዚህ ላይ «ፒር ዲፔንደንሲ ብሎ ማስመዝገብ ይበቃል» የሚል መልስ ይሰማል። ፓኬጁ ከሪጅስትሪ ሲወርድ በእርግጥ ይበቃል፤ ላይብረሪው የራሱን ሪአክት ይዞ አይመጣምና። በሊንክ ጊዜ ግን የሚታየው የሠራተኛው ፎልደር እንዳለ ስለሆነ፣ ለሥራ የተጫነው ሁሉ አብሮ ይታያል። ተጠቃሚ ዘንድ ጨርሶ የማይከሰት ስህተት ሠራተኛው ዘንድ ይከሰታል ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ሠራተኛው ዘንድ የማይታይ ስህተት ተጠቃሚው ዘንድ ይወጣል።

ኖድ በ2016፣ ከ6.3 ጀምሮ፣ የሲምሊንክን እውነተኛ ዱካ እንዳይከተል ማዘዣ ጨምሯል። ለአዝራር ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ፓኬጅ በሁለት የተለያዩ ዱካዎች ሲደረስበት ሁለት ጊዜ እንዲጫን ያደርጋል፣ ፒኤንፒኤም የተባለው ሌላ የፓኬጅ አስተዳዳሪ የሚጠቀምበትን፣ በእውነተኛ ዱካ ላይ የተመሠረተ አቀማመጥም ያፈርሳል። አንዱን ስህተት በሌላ መለወጥ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ልዩነቱ ስህተቱ በሚወጣበት ጊዜ ላይ ነው። ረስት አንድ ፓኬጅ በሁለት ቅጂ ቢገባበት፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ታይፖች እንዳገኘ ኮምፓይለሩ ይናገራል። መልእክቱ ግራ ያጋባል፤ ግን ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ነው። በጃቫስክሪፕት ኮዱ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር እስኪነካ ድረስ ዝም ሊል ይችላል።

ሲምሊንክ የሚያልፍባቸው መሣሪያዎችም ሁሉም እኩል አያውቁትም። የሪአክት ኔቲቩ ኮድ ማሸጊያ ሜትሮ ሲምሊንክን ሳይቀበል ለዓመታት ቆይቶ በ2023 ነው ድጋፍ የጨመረው። የዶከር ኮንቴይነር ሲገነባ ከተሰጠው ፎልደር ውጭ ያለ ነገር አይታየውም፤ ሊንኩ ወደ ባዶ ያመለክታል።

የቅጂ ወገን

ቅጂን የሚመርጡት ሰዎች መነሻቸው ቀላል ነው፤ ልትለቅቀው ያለውን ነገር ካልሞከርክ የሞከርከው ሌላ ነገር ነው ይላሉ። ፓኬጅ ሲለቀቅ ፎልደሩ እንዳለ አይሄድም፤ ፓኬጅ ዶት ጄሰን በሚባለው የፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ የሚለቀቁት ከተዘረዘሩ፣ በአብዛኛው እነሱ ብቻ ይታሸጋሉ። ከዝርዝሩ አንድ ፎልደር ቢረሳ በሊንክ ሲሠራ የኖረው ላይብረሪ ሪጅስትሪ ላይ ሲደርስ ጎደሎ ይሆናል። ኤንፒኤም ፓክ የሚባለው ትእዛዝ የሚለቀቀውን እሽግ ሳይለቅቅ ያዘጋጃል፤ እሱን አፕሊኬሽኑ ላይ መጫን ከእውነቱ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሙከራ ነው። ያልክ ይህንኑ ያፋጥናል፤ የሚታሸጉትን ፋይሎች ብቻ ወደ ራሱ ማከማቻ ገልብጦ ከዚያ ወደ ፕሮጀክቱ ያስገባል። ቬርዳቾ የተባለው ደግሞ ሪጅስትሪን ራሱን በገዛ ኮምፕዩተር ላይ ያስነሣል፤ መልቀቁም መጫኑም እውነተኛ ይሆናል፣ ወደ ውጭ ግን አይወጣም።

የቅጂ ጉዳቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ቅጂ ያረጃል። የማቨን ተጠቃሚዎች በደንብ የሚያውቁት ችግር ነው፤ ማከማቻው ውስጥ ያለው ስናፕሾት የትናንት ይሆንና ዛሬ የታረመው ስህተት እንዳልታረመ ይታያል።

ኤንፒኤም ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ መወላወሉ ክርክሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ይመሰክራል። በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ የአንድ ፎልደር ዱካ ሲጻፍ፣ ኤንፒኤም መጀመሪያ ይገለብጥ ነበር። በ2017 ቨርሽን 5 ላይ ወደ ሲምሊንክ ተቀየረ። በ2022 ቨርሽን 9 ሲወጣ መነሻው እንደገና ቅጂ ሆነ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ፣ በ2023 መጀመሪያ፣ ወደ ሊንክ ተመለሰ። ይህን የመሰለ ወዲያና ወዲህ ማለት ከድክመት ይልቅ ሁለቱም ወገን እውነት የያዘ መሆኑን ያሳያል። በሚጻፍበት ሰዓት ሊንክ፣ ከመልቀቅ በፊት ቅጂ፤ ሁለቱ የሚያገለግሉት የተለያየ ሰዓት ነው። አንድ መሣሪያ አንድ መነሻ ብቻ ይኑረው ሲባል ነው የሚጋጩት።

መዝገቡ የት ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ኤንፒኤም ሊንክ የሠራው ግንኙነት እንዲሁ ሲጠቀሙበት ፓኬጅ ዶት ጄሰን ላይ አይጻፍም። ከሰባተኛው ቨርሽን ወዲህ ደግሞ ቀጥሎ የሚሰጥ ተራ ኤንፒኤም ኢንስቶል ሊንኩን አንሥቶ የሪጅስትሪውን ፓኬጅ ይመልሳል። ሠራተኛው ሌላ ፓኬጅ ለመጨመር ብሎ ኢንስቶል ይላል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አርሜዋለሁ የሚለው ኮድ አፕሊኬሽኑ ውስጥ የለም፣ እሱ ግን አያውቅም። ግማሽ ቀን የሚበላው ስህተት ይህ ነው፤ ሊንክ ወይም ቅጂ መሆኑ ሳይሆን፣ የትኛው እየሠራ እንዳለ የሚናገር ቦታ አለመኖሩ።

ጎ ተቃራኒውን መንገድ ይዞ ሌላ ችግር አገኘ። የሪፕሌስ መስመር የሚጻፈው ጎ ዶት ሞድ ላይ ነው፤ የሚታይ፣ ግልጽ፣ ቡድኑ ሁሉ የሚያነበው። ችግሩ ይኸው መታየቱ ነው። መስመሯ በአንድ ሰው ኮምፕዩተር ላይ ብቻ ያለ ዱካ ይዛ ኮሚት ትደረጋለች፤ ኮዱን የሚገነባው ሰርቨር ያን ፎልደር አያገኝምና ቢልዱ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ሪፕሌስ የሚሠራው ትእዛዙ በተሰጠበት ዋና ሞዱል ብቻ ነው፤ ያንን ሞዱል እንደ ላይብረሪ የሚጠቀም ሌላ ሰው ዘንድ መመሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

መጋቢት 2022 በጎ 1.18 የመጣው ጎ ዶት ወርክ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ የታሰበበት ይመስለኛል። ግንኙነቱ በፋይል ይጻፋል፣ ስለዚህ ይታያል፤ ፋይሉ ግን ከሞዱሉ ፋይል የተለየ ነው፣ በአብዛኛውም ኮሚት እንዳይደረግ ይመከራል፤ ስለዚህ ወደ ሰው አይዛመትም። የረስቱ ካርጎ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደርሷል። በአንድ መስመር ላይ ዱካውም የቨርሽን ቁጥሩም አብረው ይጻፋሉ፤ ቤት ውስጥ ዱካው ይሠራል፣ ሲለቀቅ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ቁጥር የሌለው የዱካ መስመር ይዞ ለመልቀቅ የሞከረን ካርጎ አያሳልፈውም። የመርሳት ዕድልን መሣሪያው ራሱ ይዘጋዋል።

ሁሉን በአንድ ሪፖ

ጥያቄውን ከሥሩ ለማስቀረት የሚፈልጉ ወገኖች መልሳቸው ሞኖሪፖ ነው፤ ፓኬጆቹ በሙሉ በአንድ ሪፖዚቶሪ ከተቀመጡ ሊንክ የሚባል የተለየ ሥራ የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምስክር ጉግል ነው። በ2016 ራቸል ፖትቪንና ጆሽ ሌቨንበርግ ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት የኩባንያው ሪፖ 2 ቢሊዮን ያህል የኮድ መስመርና 86 ቴራባይት ይዞ ነበር፤ ከሶፍትዌር አዘጋጆቹም 95 በመቶው ይጠቀሙበት ነበር። ነገር ግን ይህ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የራስ መሣሪያ የተደገፈ አሠራር ነው፤ ለአምስት ሰው ቡድን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይመችም።

ለትንሽ ቡድን የሚሆነው ምስክር ሌላ ነው። በ2015 የባቤል ፕሮጀክት ብዙ ፓኬጆቹን በአንድ ሪፖ ለማስተዳደር ከሠራው መሣሪያ ለርና ወጣ፤ ያርን የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ በ2017፣ ኤንፒኤም በ2020 በቨርሽን 7 ወርክስፔስን ጨመሩ። ሊንኮቹ አሁንም ሲምሊንኮች ናቸው፤ የተለወጠው መዝገቡ በሥረኛው ፓኬጅ ዶት ጄሰን ላይ መጻፉና ኢንስቶል ሲባል አለመጥፋቱ ነው።

ይህም የራሱ ቀዳዳ አለው። አፕሊኬሽኑ 1.4ን ወይም ከዚያ በላይ ያለ አንደኛ ቨርሽን እፈልጋለሁ ብሎ የጻፈ እንደሆነና፣ ጎን ያለው ፓኬጅ ወደ 2.0 ከፍ ካለ፣ ኤንፒኤም ጎን ያለውን ትቶ ከሪጅስትሪ ያወርዳል፤ በዝምታ። ፒኤንፒኤም ለዚህ ወርክስፔስ የሚል ቅድመ ምልክት አበጅቷል፤ ምልክቱ ካለ ጎን ያለውን ከማግኘት ውጭ ሌላ አማራጭ የለም፣ ካልተገኘ ሥራው ይቆማል። ይህ ጥንቃቄ የጸጥታ ፋይዳም አለው። የካቲት 2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለው ተመራማሪ፣ ኩባንያዎች ለውስጥ ብቻ የሚጠቀሙባቸውን የፓኬጅ ስሞች በአደባባይ ሪጅስትሪ ላይ በከፍተኛ ቨርሽን ቁጥር በማስመዝገብ አፕልና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ኮዱን ማስኬድ እንደቻለ አሳይቷል። «ከቤት ከጠፋ ከውጭ አምጣ» የሚለው ልማድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በሞኖሪፖ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሁሉም ፓኬጅ ሁልጊዜ የሚፈተነው ከጎረቤቱ የዛሬ ኮድ ጋር ነው። ውጭ ያለ ተጠቃሚ ግን የአምናውን አንዱን ከዘንድሮው ሌላው ጋር ያጣምራል፤ ይህን ጥምረት ሞኖሪፖው ውስጥ ማንም አላየውም። ፓኬጆቹን ለውስጥ ብቻ የሚጠቀም ኩባንያ ይህ አያሳስበውም፤ ለሕዝብ የሚለቅቅ ፕሮጀክት ግን ሊያሳስበው ይገባል።

የፓይተን ያላለቀ ጉዳይ

ፓይተን ውስጥ ፎልደርን በሕያውነቱ መጫን ኤዲተብል ኢንስቶል ይባላል። የቀድሞው መንገድ ከሴትአፕቱልስ ጋር የተጣበቀ ስለነበር ሌሎች የመገንቢያ መሣሪያዎች ሲመጡ የጋራ ደንብ አስፈለገ፤ በ2021 ፔፕ 660 ጸደቀ። ደንቡ መሣሪያው ግንኙነቱን እንዴት እንደሚያበጅ አይወስንም፤ ለየመሣሪያው ይተወዋል። ሴትአፕቱልስ በ2022 ደንቡን ሲተገብር፣ የፎልደር ዱካ መጻፍ በማይበቃበት አቀማመጥ ላይ ኢምፖርት በሚደረግበት ቅጽበት የሚሠራ ሁክ መጠቀም ጀመረ። ፕሮግራሙ በደንብ ይሠራል። ኮድን ሳያስኬዱ የሚያነቡት ታይፕ መርማሪዎችና ኢዲተሮች ግን ሁኩን ስለማያስኬዱ ፓኬጁ የት እንዳለ አያውቁም፤ እየሠራ ባለ ኢምፖርት ሥር ቀይ መስመር ያሰምራሉ።

እዚህ ላይ የሚጋጩት ሁለት ትክክለኛ ፍላጎቶች ናቸው። ሁኩ የሚለቀቀው ፓኬጅ ውስጥ የሚገቡትን ሞዱሎች ብቻ ስለሚያሳይ ከእውነቱ ይቀርባል፤ የፎልደር ዱካ ደግሞ የማይለቀቁ ፋይሎችን ጭምር ያጋልጣል፣ ግን ማንኛውም መሣሪያ ያነበዋል። ሴትአፕቱልስ የተለያዩ ስልቶችን በአማራጭ አቅርቧል፤ የትኛው መነሻ ይሁን የሚለው ስምምነት አላገኘም። ለዚሁ ክርክር ቅርብ የሆነው የኤስአርሲ ፎልደር ጉዳይም አለ። ፓኬጁ በፕሮጀክቱ ሥር በቀጥታ ከተቀመጠ፣ ቴስቶቹ ምንም ሳይጫን እዚያው ያለውን ፎልደር ኢምፖርት ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ኤስአርሲ ውስጥ ማስገባት ቴስቱ የተጫነውን እንዲፈልግ ያስገድደዋል። እኔ የኤስአርሲን ወገን እመርጣለሁ፤ ያልተጫነ ፓኬጅ ላይ ያለፈ ቴስት ስለ ተጫነው ፓኬጅ የሚናገረው ጥቂት ነውና።

ገና ያልተመለሱት

ሁለት ፓኬጆች በሁለት ሪፖ፣ በሁለት ባለቤት እጅ ሲሆኑ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ይደክማል። የክፍት ኮድ ዓለም በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ስህተት ያገኘ ሰው የሌላውን ላይብረሪ አውርዶ፣ ከራሱ አፕሊኬሽን ጋር ሊንክ አድርጎ ያርመዋል፤ ከዚያ እርማቱን ይልካል። ሞኖሪፖ እዚህ አይገባም፤ ጎ ዶት ወርክን የመሰለ፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ ሆኖ የሚታይ መዝገብ ደግሞ በጃቫስክሪፕትም በፓይተንም ዋና መሣሪያዎች ውስጥ የለም።

ከዚህም የባሰው የሎክ ፋይል ጉዳይ ነው። ሎክ ፋይል ለወረደ ፓኬጅ ሁሉ ትክክለኛ ቨርሽኑንና የይዘቱን ሃሽ ይይዛል፤ ለአንድ ዓመት የቆየ ቢልድ ዛሬ እንደገና መሠራት የሚችለው በዚያ ነው። በሊንክ ለገባ ፓኬጅ ግን የኤንፒኤም ሎክ ፋይል የሚጽፈው ዱካውንና ሊንክ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሃሽ የለም፣ ፎልደሩ በዚያ ሰዓት በየትኛው ኮሚት ላይ እንደነበር አይታወቅም። የጎ ዶት ወርክ ፋይልም የሚይዘው ዱካ እንጂ ኮሚት አይደለም። ሁለት ሪፖ ከፍቶ ስህተት ያገኘ ሠራተኛ ያንኑ ሁኔታ ለባልደረባው ለማሳየት ሁለቱንም የኮሚት ቁጥር በእጁ ጽፎ መላክ አለበት፤ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለማ ይህም አይበቃም። ኮሚቱን በትክክል የሚመዘግበው የጊት ሰብሞዱል ከ2007 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ትንሽ ለውጥ በሁለቱም ሪፖ ኮሚት እንድትደረግ ስለሚጠይቅ፣ ሰው ሊንክን የመረጠበትን ፍጥነት መልሶ ይወስድበታል።